ከደብተሬ ውጪ የነበረችው ጠበቃ

ጥቅምት 4

ስድስት ካባ ዘምዝሜ ጨረስኩ። ሰባተኛው የሳቂታዋ ጠበቃ ነው፤ አንገትጌው ብቻ ይቀረዋል። ዛሬ ለልክ መጥታ "ከሳሁ አይደል?" አላለችኝም? ሜትሩ ግን አልመሰከረላትም። ዝም አልኩ... ማለቴ ለእሷ። ገና ደረጃውን ሳትወርድ ለእትዬ ቁልፍ ነገርኩ። እትዬ ቁልፍ ሥራዋ ቁልፍ መትከልና የቁልፍ ቀዳዳ መሥራት ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላት። ዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የከተማውን ጠበቃና ዳኛ ሁሉ አልብሰናል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ምላስሽ አንድ ቀን ይቆርጥሻል" አለችኝ።

"መቀስ ራሱን ቆርጦ ያውቃል?" አልኳት። ሳቅን።

ተአምር ደግሞ እራት ላይ። ባለቤቴ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ! ቀኑን ሙሉ ሰው መኪና መንዳት ሲያስተምር ይውላል፤ ቤት ሲገባ "ፍሬን ያዝ" እና "መስታወት እይ" ከማለት የተረፈ ቃል የለውም። ዛሬ ግን "ከደንበኞችሽ ለባልና ሚስት ጉዳይ ጎበዙ ጠበቃ ማነው?" አለ። ለአንድ ተማሪው ነው። የት ልተወው! እኔ ባወጣሁላቸው ስም፣ ስለ ሰፊ ትከሻ፣ ስለ ረዥሙ፣ ስለ ሳቂታዋ... ማን አፈ ጮሌ ነው፣ ማን ቀጠሮ ያበዛል፣ ማንን ዳኞች ይፈሩታል፣ አንድ በአንድ ደረደርኩለት። ልጃችን ሚጡ ሩዟን ትታ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወሬ ትወዳለች። ከየት አመጣችው አይባልም።

ከዚያ የልክ ደብተሬን አነሳ። "ተበጣጥሷል እኮ። ስልኮቹን በአዲስ ደብተር ልገልብጥልሽ?"

ሰው እንዲህም ይለወጣል?

ጥቅምት 9

ደብተሩን መለሰልኝ። በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ። ከአንዳንዱ ስም አጠገብ ትንሽ ነጥብ አለች። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው "እየቆጠርኩ ነው የገለበጥኩት" አለ። ለእትዬ ቁልፍ ወስጄ አሳየኋት፤ የኔ ባል እንዲህ ነው ብዬ ተኮፈስኩባት።

ጥቅምት 15



ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ዳኛ ለካባ እየለካሁ፣ አፌ ሙሉ ስፒል፣ የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ገባ። ሁሌ የካባ ትእዛዝ የሚያመጣልን ሰውዬ ነው። "ፈርሚልኝ" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ፈረምኩ።

"ስንት ካባ ነው?" አልኩት በስፒሎቹ መሃል።

"ካባ አይደለም፣ እህቴ።" ወጣ።

መጥሪያ ነው። አመልካች እሱ። ተጠሪ እኔ። ጉዳዩ ፍቺ።

ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ ይላል። ልጃችን ከእሱ ጋር፣ በእህቱ ቤት ትኑር ይላል። እስከ ኅዳር 5 በጽሑፍ መልስ ስጪ፤ ኅዳር 12 ጠዋት ችሎት ቅረቢ። ሦስተኛውን አንቀጽ ሁለቴ አነበብኩት። እዚህ አልጽፈውም።

ሚጡን ሊወስዳት ነው። የቀረው ሁሉ ቃላት ነው።

ዳኛው ምስኪን እጁን እንደ ዘረጋ ቆሟል። "ላውርደው?" አለኝ።

ጥቅምት 16

ሚጡ ትምህርት ቤት ስትሄድ ያዝኩት። ጫማውን እያሰረ ነበር።

"በአፍህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"በአፌ ስምንት ዓመት ነገርኩሽ። በወረቀት ትሰሚ እንደሆነ ብዬ ነው።"

"ምኑን ነው የነገርከኝ?"

"የቤታችንን ለሰው አታውሪ ብዬ። በዚህ ከተማ ማንኮራፋቴን የማያውቅ ጠበቃ አለ? ለኃላፊነት ተወዳድሬ ሁለቴ መውደቄንስ? ቢሮው ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ሰውዬው 'አሃ፣ አንተ ነህ አንኮራፊው!' ነው ያለኝ።"

ልስቅ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ደቂቃ እንኳ ልስቅ ነበር።

"የቱ ቢሮ?" አልኩት። ልብሱን በሻንጣ ይዞ ጓደኛው ጋ ሄደ።

ሌላ ሴት አለች ይሆን? ብትኖር ይሻለኝ ነበር፤ እሷን እጠላት ነበር። አሁን ማንን ልጥላ?

ጥቅምት 18

ምን አስጨነቀኝ፣ ጠበቃ አይደል? የከተማውን ጠበቃ ሁሉ ትከሻ በእጄ አውቀዋለሁ ብዬ ሳቂታዋ ጋ ሄድኩ። ስታየኝ ሳቋ ጠፋ።

"ውይ የኔ እናት! ለምን መጣሽ?"

"እንዴት ለምን መጣሽ?"

"ባልሽ ባለፈው ሳምንት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጉዳዩን ከሀ እስከ ፐ ነገረኝ። የእሱን ምስጢር ሰምቼ ላንቺ ብቆም ፈቃዴን ይነጥቁኛል።"

"ጠበቃው ሆኑ እንዴ?"

"አልሆንኩም። አማከረኝ፣ አመሰገነኝ፣ ሄደ።"

በሩ ላይ ዞር አልኩ። "አልፈታም ብልስ?"

ግራ ቀኝ አየች። "ባትስማሚም ይፋታል። ከሁለት አንዱ በቃኝ ካለ ማንም በግድ አያኖረውም። ጉልበትሽን ለልጅቷ አድርጊው።"

ስለዚህ ትዳሬ አልቋል ማለት ነው። እንዲህ በር ላይ፣ ቆሜ ሰማሁት።

ጥቅምት 19

ረዥሙም። ያው ነው፤ "ባልሽ መጥቶ አማክሮኝ ነበር።" እንደ ቆምኩ "ቤቱን ለቅቄ እህቴ ጋ ብሄድስ?" አልኩት። "ልጅቷን ትተሽ እንዳትወጪ!" አለና አፉን በእጁ ያዘ። "ይሄንን እኔ አልነገርኩሽም።"

ጥቅምት 21

ሦስተኛውም። አራተኛዋ በስልክ። አምስተኛው በጸሐፊው በኩል። ሁሉም ከንፈር ይመጥጡልኛል። ከንፈር መጠጣ መልስ ሆኖ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ኖሮ እስካሁን አሸንፌ ነበር።

ጥቅምት 22

ነጥቦቹ።

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ገልጬ አየኋቸው። የባልና ሚስት ጉዳይ የሚይዙ ሰባት ጠበቆች፣ ሰባት ነጥብ። እየዞረ ሁሉንም አማክሯል። አንዳቸውም እንዳይቆሙልኝ።

እትዬ ቁልፍ መነጽሯን አውልቃ ተመለከተችኝ። "ሰውዬሽ ይሄን ያህል ብልጥ ነበር?"

"አልነበረም።"

"ታዲያ ማን አስተማረው?"

ማን ያስተምረው? በጎበዝ በጎበዝ ደርድሬ፣ ስልካቸውንና ቢሯቸውን ጨምሬ፣ ሩዝ እያቀረብኩለት ሰጠሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የኔ ደግሞ አፋፉን አልፎ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞሮ፣ መጥሪያ ይዞ ተመለሰ።

ጥቅምት 23

ሰፊ ትከሻ መጣ። "ካባዬ ደረሰ? ለኅዳር 12 እፈልገዋለሁ።"

ለኅዳር 12። ጠበቃው እሱ ነው። ከሰባቱ መጨረሻ የመረጠው እሱን ነው፤ እኔም እራት ላይ መጀመሪያ የጠራሁት እሱን ነበር።

እሱም ትንሽ አፍሯል። "ሥራ ነው እንግዲህ። አይክፋሽ።"

"ጀርባውን ላጥበው ላስፋው?" አልኩት።

"እንደ ድሮው።"

ሲወጣ እጅጌው ውስጥ አንድ ስፒል ብረሳስ ብዬ አሰብኩ። እትዬ ቁልፍ ሐሳቤን ከፊቴ አነበበችው መሰለኝ፣ ካባውን ከእጄ ወሰደችና "ይሄን እኔ እጨርሰዋለሁ" አለች።

ጥቅምት 25

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከሚውሉት ደላሎች አንዱ "እህት፣ ጠበቃ ነው? ዳኛዋ የአክስቴ ልጅ ናቸው፤ ወረቀትሽን ስጪኝ" አለኝ። ሰጠሁት! እጄን ዘርግቼ ሰጠሁት። ማነህ፣ የት ነህ፣ ብዬ አልጠየቅኩም። እኔ! የሰውን ሰባት ዘር ሳላጣራ ልክ የማልወስድ ሴትዮ!

እትዬ ቁልፍ ናት ከኋላዬ ደርሳ ወረቀቱን ከእጁ የመነተፈችው። "የአክስትህ ልጅ ስማቸው ማነው?" አለችው። ሰውዬው ተንተባተበ። "የአክስትህንስ?" እሱንም አላወቀውም።

ወደ ሥራ ስንመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ። መልሱን ለማስገባት ዐሥር ቀን ነው የቀረኝ።

ጥቅምት 26

ሚጡ፦ "አባዬ የት ሄደ?" ምን ልበላት? ለሌላው ሁሉ ቃል የማያጥረኝ ሴትዮ... "ጓደኛው ጋ" አልኩ። "ለምን?" ሹራቧን አውልቄ መልሼ አለበስኳት። ምንም አልነበረበትም፤ ዝም ብዬ ነው።

ጥቅምት 28

እትዬ ቁልፍ ክር እየሰካች፣ ቀና ሳትል፦ "ያቺስ? ዝምተኛዋ ጠበቃ?"

"የቷ?"

"አታውቂያትም? 'አንድ ክንዷ አጭር ነው' እያልሽ ለከተማው ያወራሽባት።"



ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ካባ ሰፋሁላት። ቀኝ እጅጌው ሦስት ጣት አጥሮ ወጣ። ስህተቱ የኔ ነበር፤ ልኳን ስወስድ ስለ አንዷ ዳኛ ሠርግ እያወራሁ ቁጥሩን አሳስቼ ጻፍኩ። ለሰው ግን "ክንዷ ነው እኩል ያልሆነው" አልኩ። ይሄም አልበቃኝ። "እሷ ጠበቃ ናት እንዴ? አሸንፎ የመጣ ሰው እንኳ ብትይዝ ተሸናፊ ታደርገዋለች" አልኩ። ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅልኝ እንዴት ነው የምሆነው? ደጋግሜ አወራሁት። እሷም ከዚያ ወዲህ ድርሽ ብላ አታውቅም። ከደብተሬም ሰረዝኳት።

ባለቤቴ ያልሄደባት ለዚህ ነው። እራት ላይ ስሟን አልጠራሁም።

ጥቅምት 29

ሄድኩ። ቢሮዋ ከጎማ ጠጋኝ በላይ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ድረስ ወጣሁ። በሩ ድረስ። ተመለስኩ።

ምን ብዬ እገባለሁ? "ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ልጄን አድኚልኝ"?

ኅዳር 1

እንደዚያው ብዬ ገባሁ።

ክፍሏ ጠባብ ነው። ፋይል በካርቶን በካርቶን፣ ለእንግዳ አንድ ወንበር። ከታች መዶሻው ይንኳኳል። አየችኝ። ቁጭ በይም አላለችኝ፣ ውጪም አላለችኝ።

"ባልሽ እዚህ አልመጣም" አለች ገና ሳልናገር። "እሱን ልትጠይቂ ከሆነ።"

"እንዴት አወቁ?"

"ሰባት ቢሮ የዞረ ሰው ወሬው ይሰማል። እኔን ለምን እንደ ዘለለ ነው ያልገባኝ።"

"በኔ ምክንያት ነው" አልኩ። ነገርኳት። ሳልቆርጥ፣ ሳላሳምር። ሲያልቅብኝ "ክንድዎ እኩል ነው። ልኩን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"አውቃለሁ። ክንዴ ነው እኮ።"

መዶሻው አሥር ጊዜ ያህል መታ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ምን ላድርግ? በየችሎቱ እጄን እየዘረጋሁ ላስለካ?" ወንበሩን በእግሯ ወደኔ ገፋ አደረገችው። "የምሸነፈው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሌላው አልፈልግም ያለውን ስለምይዝ ነው። አሁን አንቺን ማን ያዘሽ?"

እንባዬ ጉልበቴ ላይ ይወርዳል። መሐረብ እንኳ አላቀበለችኝም፤ መጥሪያውን ማንበብ ጀመረች። እንደዚያ ማድረጓ ደግሞ ጥሩ ነበር።

ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቆመች። እዚህ አልጽፈውም ያልኩት። የሚጡ ክፍል ውስጥ ያለች ልጅ እናትና አባት ሊፋቱ እንደ ነበር ከአንድ ደንበኛ ሰምቼ ቤት አወራሁ። ሚጡ ክፍል ውስጥ ተናገረች። ያቺ ልጅ ራሷ ገና አልሰማችም ነበር። ከጓደኞቿ ሰማች። አንድ ሳምንት ትምህርት ቤት አልመጣችም።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ነገር ግን..."

"ነገር ግን የለም። እውነት ከሆነ አንክድም።"

"ካመንኩ ልጄን አይወስዱብኝም?"

"ክደሽ መምህሯ ብትመሰክርብሽስ?"

ከዚያ ጥያቄዎቼን አወጣሁ፤ በብጣሽ ካርቶን ላይ ጽፌያቸው ነበር። እናት ስለሆንኩ ለኔ አይሰጡም? "እናት ስለሆንሽ አይሰጡሽም፣ አባት ስለሆነም አይሰጡትም። ለልጅቷ የሚበጃትን ነው የሚያዩት።" እሷን ይጠይቋታል? "ዳኛዋ ለብቻዋ ሊያነጋግሯት ይችላሉ። ምን በይ ብለሽ እንዳታስጠኚያት፤ ያስጠኑት ልጅ ከበር ያስታውቃል።" የስፌት መኪናዎቹስ? "በትዳር የተገዛ የጋራ ነው። ግን የምትተዳደሪበት ስለሆነ እንጠይቃለን።" ውሳኔው የዘላለም ነው? "ልጅ ያድጋል፣ ኑሮ ይለወጣል። ውሳኔም ሊለወጥ ይችላል። ያለ ጠበቃም ራስሽ ቀርበሽ መናገር ትችዪ ነበር፤ ማንም አልነገረሽም?"

ማንም አልነገረኝም። ሁሉም በር ላይ ነበር የሚያወራኝ።

"አንድ ነገር ግን" አለች። "ጉዳዩ እስኪያልቅ ስለ ጉዳዩ ለማንም አታወሪም።"

"ለእትዬ ቁልፍ ብቻ..."

"ለእትዬ ቁልፍም።"

ኅዳር 3

ሁለት ቀን። እትዬ ቁልፍ "ምን አለችሽ?" ትላለች፣ "ኧረ ንገሪኝ" ትላለች፣ ጥርሴን ነክሼ እሰፋለሁ። ማታ "ተጣላን እንዴ?" አለችኝ። አልተጣላንም እትዬ። ምን ብዬ ላስረዳሽ፣ ማስረዳቱም ወሬ ነው።

ኅዳር 5

መልሱ ገባ። አራት ገጽ። ሁለተኛው ገጽ ላይ "በአንቀጽ ሦስት የተጠቀሰው እውነት ነው" ይላል። በራሴ እጅ ፈረምኩበት። ፈርሜ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ራሴን በራሴ ከሰስኩ? ልጄን በራሴ ብዕር አሳልፌ ሰጠሁ?

ኅዳር 12

ችሎት።

እሱ ጸጉሩን ተቆርጧል። አላየኝም። ጠበቃው ሰፊ ትከሻ ቆሞ ሲናገር ከኋላ የማየው ካባውን ነው። ስፌቱ እንደ ክር የቀና ነው፣ የኔ እጅ ነው፤ ከዚያ ስፌት ውስጥ ደግሞ "ይህች እናት ምላሷን መግዛት የማትችል" የሚል ድምፅ ይወጣል። ያቺን ልጅ ጠቀሰ። ከትምህርት የቀረችባቸውን ቀናት ቆጠረ።

ዳኛዋ ወደኔ ዞሩ። "ይህ እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ ክብርት ሆይ። እናቷን ይቅርታ ልጠይቅ ያቺ ልጅ ቤት ሄጄ ነበር። በሩን አልከፈተችልኝም። ልክ ናት።" ሌላ ልጨምር ስል ዝምተኛዋ በክርኗ ነካችኝ። አቆምኩ። በሕይወቴ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ሳቆም የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ተራዋ ሲደርስ ተነሳች። ድምጿ ትንሽ ነው፤ ሰው ለመስማት ዝም ማለት አለበት። እሱን ጠየቀችው።

"አዲሱ ሥራዎ ስንት ሰዓት ይጀምራል?"

"ዐሥራ ሁለት ሰዓት። ጠዋት።"

"የሚጨርሱትስ?"

"ማታ... አንድ ሰዓት ገደማ። መንገድ ሥራ ነው፣ አንዳንዴ ውጪ ይታደራል።"

"ልጅቷን ማን ያነሳታል፣ ማን ይመልሳታል?"

"እህቴ።"

"እህትዎን ጠይቀዋቸዋል?"

ሰፊ ትከሻ ወረቀቱን ገለበጠ፣ መለሰ፣ ደግሞ ገለበጠ።

"አልጠየቅኳትም" አለ ባለቤቴ። "እምቢ አትለኝም።"

"እንግዲያው ልጅቷን የጠየቁት ለራስዎ ነው ወይስ ላልጠየቋቸው እህትዎ?"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን... እሱም እንደኔ ነው። እሱም ፈርቶ ነው። ስምንት ዓመት ነግሮኝ ያልሰማሁት ሰው፣ ልጁ ከእሱ ጋር እንድትሄድለት የሚያውቀው መንገድ ይሄ ብቻ ነበር።

ዳኛዋ ሚጡን አናግራለሁ አሉ። ለኅዳር 20።

ኅዳር 16

ሚጡ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ዳኛዋ ሲጠይቁሽ..." አልኩ። ቀና አለች። ዓይኗ የአባቷ ነው። "ሲጠይቁሽ ምን?" አለች።

"ጮክ ብለሽ ተናገሪ" አልኩ። ሌላ የምለው ነበረኝ፤ ውጪ ወጥቼ ልብስ አሰጣሁ። ልብሱ ደርቆ ነበር።

ኅዳር 20

ከዳኛዋ ቢሮ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አለ። በአንዱ ጫፍ እኔ፣ በሌላው እሱ። መሃላችን ላይ የሚጡ ቦርሳ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየች።

"ሳል አላት እኮ" አለ እሱ፣ ወደ በሩ እያየ። "አውቃለሁ" አልኩ።

በሩ ተከፈተ። ሚጡ ወጣች። አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። ቦርሳዋን አነሳች። እኔንም እሱንም አየችን፤ ከዚያ "እርቦኛል" አለች። ሦስታችንም ወጥተን ከጥጉ ሱቅ ዳቦ ገዛንላት። ስትበላ ቆመን አየናት። ሰው ቢያየን ቤተሰብ ናቸው ይላል።

ምን አለቻቸው? አባቷን መረጠች? ያቺን ልጅ አነሳችባቸው? "እማዬ ናት የነገረችኝ" አለች? እሱም አያውቅም፤ ዝምተኛዋም አታውቅም። የሰማው የዳኛዋ ጆሮ ብቻ ነው። ደግሞ የዳኛዋን ጸሐፊ አውቃታለሁ፤ ባለፈው ዓመት ቀሚስ አጥብቤላታለሁ፤ አንድ ስልክ ብደውል...

አልደወልኩም። ስልኩን ግን ሁለቴ አነሳሁ።

ኅዳር 24

እንቅልፍ የለም። ለውሳኔው ሦስት ቀን ነው የቀረው። የሚጡን የክረምት ካፖርት አወጣሁና እጅጌውን አስረዘምኩ። አባቷ የሚሄድበት ከተማ ይበርዳል ይባላል። ለእሱ ከተወሰነ ባዶ እጇን እንዳትሄድ። እየሰፋሁ እያለሁ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ገባኝ፤ ፈታሁት። ከዚያ ደግሞ መልሼ ሰፋሁት። የትም ብትሆን ትለብሰዋለች።

ኅዳር 27

ተፋታን።

ዳኛዋ ሲያነቡ ጆሮዬ ላይ ውሃ የሚፈስ መሰለኝ። "ጋብቻው ፈርሷል" የሚለውን ሰማሁ። ከዚያ ምንም። ዝምተኛዋ እጄን ስትጨብጠው ነው የነቃሁት። "እንዳትወድቂ። ካንቺ ጋር ናት።"

ሚጡ ከኔ ጋር። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ ከአባቷ፣ የትምህርት ዕረፍቱም ግማሽ ለእሱ። ከዓመት በኋላ እንደገና ይታያል። ዳኛዋ መጨረሻ ላይ መነጽራቸውን አውርደው "እናትየው ያመነችውን ፍርድ ቤቱ መዝግቦታል። በዓመቱም ይጠይቃታል" አሉ። እኔን እያዩ።

ኮሪደሩ ላይ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"መጀመሪያ ለማን ልትነግሪ ነው?" አለኝ።

የምመልስለት ነገር ፈለግኩ። ድሮ ቢሆን ሦስት ነበረኝ።

"ቅዳሜ በስንት ሰዓት ትመጣለህ?" አልኩት።

"በሦስት።" ደግሞም፣ "ከኋላ ነው የማስቀምጣት፤ ቀበቶ አስሬ" አለ።

"አውቃለሁ።"

የዐሥራ ሁለት ዓመት ትዳር በዚህ አለቀ። ሥራ ቦታ ስደርስ እትዬ ቁልፍ መርፌዋን አስቀምጣ ተነስታ ቆመች። "ከኔ ጋር ናት" አልኳት። ቀሪውን አልጠየቀችኝም። አቀፈችኝ፤ ትከሻዬ ክር በክር ሆነ።

ታኅሣሥ 2

እሑድ። ሚጡ ከአባቷ ጋር የመጀመሪያዋን ቅዳሜና እሑድ አድራ መጣች። ሁለቱን ቀን ቤቱን ሦስቴ ጠረግኩት። ዐሥር ሰዓት ላይ ገባች፣ ጫማዋን እንደ ልማዷ በሩ ላይ አውልቃ ወረወረችው።

አዲስ ቤቱ እንዴት ነው? አልጋ ገዝቷል? ማን ያበስልለታል? እህቱስ ምን አለች? አንዱንም አልጠየቅኩም። ሻይ አፈላሁ።

ዳቦዋን እየነከረች "እማዬ" አለች።

"እህ።"

"ለዳኛዋ ምን እንዳልኳቸው ማወቅ አትፈልጊም?"

ሲኒውን አስቀመጥኩ።

"በጣም እፈልጋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አትጠይቂኝም? አባዬ እንኳ ጠየቀኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ለዳኛዋ ነው የነገርኩት አልኩት።"

ቀና ብላ አየችኝ። ያ የአባቷ ዓይን። የምትጠብቀው ነገር አለ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ጠብቃኝ አታውቅም።

"ለዳኛዋ የተነገረ የዳኛዋ ነው" አልኳት።

አሰበችበት። ዳቦዋን ጨረሰች። "እሺ" አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች፤ ከውስጥ ስታንጎራጉር ይሰማኛል።

ሆዴ ሊፈነዳ ነው። አልጠየቅኳትም።